ተፎካካሪ ፓርቲ ሚኒስትር ስላገኘ ጥምር መንግሥት ተመሠረተ ማለት ነው?

ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ከኮተቤ እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ያለው የየካ መራጭ፣ እንደ መላው አዲስ አበባ፣ ሁለት ምርጫ ነበረው፦ ለተወካዮች ምክር ቤትና ለከተማው ምክር ቤት።

ምርጫ ቦርድ ሐምሌ 3 ይፋ ያደረገው የተወካዮች ምክር ቤት ውጤት፦

▪️ ብልጽግና፦ 410 መቀመጫ
▪️ አብን፦ 5
▪️ ኢዜማ፦ 4

ምክር ቤቱ 547 መቀመጫ አለው። አብላጫ ለመያዝ 274 ይበቃል። ብልጽግና አጋር አያስፈልገውም ነበር።

መስከረም 26 ቀን 2014 ዓ.ም. በጸደቀው ካቢኔ ግን ሦስት የተፎካካሪ ፓርቲ ሰዎች ገቡ፦

▪️ ብርሃኑ ነጋ (ኢዜማ)፦ ትምህርት
▪️ በለጠ ሞላ (አብን)፦ ኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ
▪️ ቀጄላ መርዳሳ (ኦነግ)፦ ባህልና ስፖርት

ልብ በሉ፦ ኦነግ በምርጫው አልተወዳደረም፤ አንድም መቀመጫ አልነበረውም።

ታዲያ ጥምር መንግሥት ምንድን ነው?

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 56 መሠረት መንግሥት የሚመሠርተው በምክር ቤቱ ብዙ መቀመጫ ያገኘ አንድ ፓርቲ ወይም የተጣመሩ ፓርቲዎች ናቸው። አንቀጽ 60 ደግሞ ጥምር መንግሥት አብላጫውን አጥቶ ሲፈርስ፣ ፓርቲዎች በአዲስ ጥምረት ካልተስማሙ ምክር ቤቱ ተበትኖ ምርጫ ይደረጋል ይላል። ጀርመን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ አንዱ አጋር ሲወጣ መንግሥቱ አብላጫውን አጣ፤ ምርጫውም ወደ የካቲት 2025 ቀደመ።

እኛ ጋ ሦስቱም ሚኒስትሮች ያኔ በአንድ ቀን ቢለቁ ኖሮ የብልጽግና አብላጫ አይነካም ነበር። ጥምረት ጉልበቱ መቀመጫ ነው፤ ሹመት ግን የሿሚው ፈቃድ ነው።

ስለዚህ «ጥምር መንግሥት» የሚል ፖስት ስታዩ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ይሄ ፓርቲ ቢወጣ መንግሥቱ አብላጫውን ያጣል? ካላጣ፣ ለሚሠራውም ላልሠራውም መጠየቅ ያለበት አብላጫውን የያዘው ፓርቲ ነው።