«በዘር ነው» ሲባል ምን ማለት ነው? ዶ/ር ፋሲል ተኮላ አየለ እና የእግር ዝሆኔ የዘረመል ጥናት

በአዲስ አበባ ልደታ ክፍለ ከተማ፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕብረተሰብ ጤና ትምህርት ቤት ይገኛል። ዶ/ር ፋሲል ተኮላ አየለ በዚህ ትምህርት ቤት ያስተማሩ የዘረመል ተመራማሪ ናቸው። ይበልጥ የሚታወቁት ከአፈር የሚመጣው የእግር ዝሆኔ (ፖዶኮኒዮሲስ) ለምን አንዱን ቤተሰብ ይዞ ሌላውን እንደሚተው በማጥናታቸው ነው።

በሽታው ምንድን ነው?

ይህ ዝሆኔ በትንኝ ከሚተላለፈው የተለየ ነው። ተዋሲ የለውም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በኢትዮጵያ ባደረጉት ምርምር በሽታውን ከቀይ አፈር ጋር አያይዘውታል። በባዶ እግር ለብዙ ዓመታት ሲኬድ ከእሳተ ገሞራ የመጣው አፈር ረቂቅ ቅንጣቶች በቆዳ ዘልቀው ይገባሉ፤ የሊምፍ ቱቦዎችንም ያስቆጣሉ፤ እግርም ያብጣል። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በ10ዎቹና በ20ዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነው። በአገራችን 1.5 ሚሊዮን ያህል አዋቂዎች ከበሽታው ጋር እንደሚኖሩ ይገመታል።

ዘርና አፈር

በአንድ መንደር ሁሉም በባዶ እግሩ እየሄደ የሚታመሙት ግን ጥቂቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ጥናት የታማሚ ወንድም ወይም እህት በበሽታው የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው 5 እጥፍ ያህል መሆኑን፣ ለበሽታው ካለው ተጋላጭነት ልዩነትም 63 በመቶ ያህሉ ከዘረመል ጋር እንደሚያያዝ አሳየ።

ዶ/ር ፋሲልና ባልደረቦቻቸው ደም ከመሰብሰባቸው በፊት ሕዝቡን አነጋገሩ። ታማሚዎቹ ጥናቱ «በዘር ነው» የሚለውን ወሬ ያጠናክርብናል ብለው መስጋታቸውን ተረዱ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጽሑፍም መገለል የታማሚዎችን ፈቃድ በመጠየቁ ሂደት ላይ የሚያሳድረውን ተጽዕኖ አስረዱ። ስጋቱ ባዶ አልነበረም። ለኒካሕ ሽማግሌ ተልኮ «ዘራቸው ዝሆኔ አለበት» ተብሎ የሚመለስበት ጊዜ አለ። በሐፍረት ትምህርት የሚያቋርጥ ልጅም አለ።

ዋናው ውጤት እ.ኤ.አ. በ2012 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ታተመ። ቡድኑ በወላይታ 194 ታማሚዎችንና 203 ጤነኞችን አነጻጽሮ፣ ልዩነቱ የሰውነትን መከላከያ በሚመሩት ኤች.ኤል.ኤ. በተባሉ ዘረመሎች አካባቢ መሆኑን አገኘ። የአንዳንዱ ሰው ሰውነት ለአፈሩ ቅንጣት ከሌላው የበረታ ምላሽ ይሰጣል ማለት ነው።

ከዚህ የምንይዘው ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው፦ የሚወረሰው ተጋላጭነት እንጂ በሽታው አይደለም። ዘረመሉ ያለው ሁሉ አይታመምም፤ እግሩ ከአፈሩ የተጠበቀ ሰው ከበሽታው ይድናል። ስለዚህ «በዘር ነው» ብሎ ኒካሕ መከልከል ማስረጃ የለውም፤ የታማሚ ልጅም ገና በልጅነቱ ጫማ ካደረገ የወላጁ ዕጣ አይጠብቀውም።

ምን እናድርግ?

• በቀይ አፈር አካባቢ የሚኖሩ ልጆች ወደ ትምህርት ቤትም ወደ መድረሳም፣ ከብት ሲጠብቁም ጫማ ያድርጉ። ቤተሰቡ ውስጥ ታማሚ ካለ ይህ ይበልጥ ይጠበቅ።

• ለዉዱእ የታጠበ እግር መልሶ በባዶው አፈር ላይ አይውጣ። ማታም እግርን በሳሙና አጥቦ በጣቶች መካከል ሳይቀር ማድረቅ ይገባል።

• እብጠት የጀመረው ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። በሳሙና ማጠብ፣ ቆዳን በቅባት ማለስለስ፣ በፋሻ ማሰር፣ እግርን ከፍ አድርጎ ማረፍና ጫማ ማድረግ እብጠቱንና የሚደጋገመውን የሕመም ግርሻ ይቀንሳሉ።

ከዚያ ወዲህ

ዶ/ር ፋሲል በኋላ ወደ አሜሪካ አምርተው በብሔራዊ የጤና ተቋማት ሥር ባለው የሕፃናት ጤናና የሰው ልጅ ዕድገት ተቋም መሥራት ጀመሩ። እዚያ የሚያጠኑት ዘረመልና የእንግዴ ልጅ ጤንነት የፅንስን ዕድገት እንዴት እንደሚወስኑ ነው። ጥያቄው በልደታ ሳሉ ካነሱት ብዙም አይርቅም፦ ከወላጅ የተወረሰው ነገር ልጁ ከሚያድግበት ሁኔታ ጋር ሲገናኝ ምን ያመጣል? የወረሱትን መምረጥ አይቻልም። ለልጅ ጫማ መግዛት ግን በእኛ እጅ ነው።