ምን ያህል ቀረ?
የሥራ ሂደት አመልካች አጭር ታሪክ

ሥራን ከመሥራት ቀጥሎ የሚመጣው ግዴታ፣ ሥራው ከምን እንደ ደረሰ ለሚጠብቀው ሰው ማስታወቅ ነው። ግንብ ሲገነባ ወይም እርሻ ሲታረስ በዓይን ይታያልና የሚጠብቀው ሰው ሳይጠይቅ ይረዳል። በኮምፒዩተር ውስጥ የሚከናወን ሥራ ግን ከዓይን የተሰወረ ነው፤ መኪናው እየሠራ ይሁን ወይም ቆሞ ይሁን ከውጭ ሆኖ ለመለየት ያስቸግራል። ስለዚህም ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ በሚገኘው ኮምፒዩተር ስክሪን እየሞላ የሚሄደው ትንሽ መሥመር፣ ምንም እንኳ ተራ ነገር ቢመስል፣ ሊታወቅ የሚገባው ታሪክ አለው።

የአሳቡ መነሻ ከኮምፒዩተር በፊት ነው። በ1896 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ካሮል አዳሚየትስኪ የተባለ የፖላንድ ተወላጅ መሐንዲስ፣ የፋብሪካን ሥራ ቅደም ተከተልና የሚወስደውን ጊዜ በሥዕል የሚያሳይ ሠንጠረዥ አዘጋጀ፤ ስሙንም ሐርሞኖግራም አለው። ጽሑፎቹ በፖላንድና በሩሲያ ቋንቋ ስለ ነበሩ ግን በሌላው አገር ሳይታወቅለት ቆየ። ከ1910 ዓ.ም. በኋላ ሄንሪ ጋንት የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ ያወጣው ተመሳሳይ ሠንጠረዥ በብዙ አገር ተሠራበት፤ እስከ ዛሬም በስሙ ይጠራል። በዚህ ሠንጠረዥ የታቀደውና የተፈጸመው ጎን ለጎን ስለሚታይ፣ መዘግየት የቱ ላይ እንዳለ ወዲያው ይታወቃል። ይሁን እንጂ ሠንጠረዡ የሚዘጋጀው ሥራውን ለሚያዝዘው አለቃ ነበር እንጂ ውጤቱን ለሚጠብቀው ሰው አልነበረም።

ኮምፒዩተር ከመጣ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። በ1950ዎቹ ዓመታት ተጠቃሚው ሥራውን በተበሳ ካርድ አዘጋጅቶ ለመኪናው ሠራተኞች ያስረክብና ውጤቱን ከብዙ ሰዓት በኋላ ወይም በማግሥቱ ተመልሶ ይቀበል ነበር። በ1960ዎቹ ግን ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ፣ እያንዳንዳቸው በየመጻፊያቸው ፊት ተቀምጠው፣ ከአንድ ኮምፒዩተር ጋራ የሚሠሩበት ሥርዓት እየተስፋፋ ሄደ። ያን ጊዜ መጠበቅ ፊት ለፊት ሆነ። ሮበርት ሚለር በ1968 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት፣ መልሱ ከ15 ሰከንድ በላይ ከዘገየ በሰውና በመኪናው መካከል ያለው ምልልስ እንደሚቋረጥ አመለከተ።

በ1979 ዓ.ም. ሚቸል ሞዴል በዶክትሬት ጽሑፉ የፕሮግራምን የሥራ ሂደት በሥዕል የሚያሳይ መሥመር አቀረበ። በ1985 ዓ.ም. ደግሞ በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ብራድ ማየርስ ጉዳዩን በፈተና መረመረው። አርባ ስምንት ተማሪዎች አመልካች ባለበትና በሌለበት ፕሮግራም እንዲሠሩ አድርጎ ቢጠይቃቸው፣ ከመቶው 86 እጅ አመልካቹን እንደ ወደዱት ገለጹ። አመልካቹ ሥራውን በአንዲት ሰከንድ እንኳ አላፋጠነውም፤ ነገር ግን ለአዲሱ ተጠቃሚ ትእዛዙ ተቀባይነት ማግኘቱን ያረጋግጥለታል፤ ልምድ ላለውም በቀረው ጊዜ ሌላ ሥራ እንዲሠራ ያስችለዋል።

እንግዲህ ችግሩ ከቍጥሩ ላይ ነው። አመልካቹ የተሠራውን ለጠቅላላው ሥራ በማካፈል የሚገኝ ስለ ሆነ፣ ምን እንደሚቈጠር አስቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል። ለምሳሌ 100 ፋይሎች ይገለበጡ ቢባል፣ ዘጠና ዘጠኙ እያንዳንዳቸው 1 ሜጋባይት፣ የመጨረሻው ግን 901 ሜጋባይት ቢሆኑ፣ ፋይሎቹን የሚቈጥር አመልካች ዘጠና ዘጠኙ እንዳለቁ «ከመቶ 99» ይላል። በመጠን የሚቈጥር ግን በዚያው ሰዓት ሥራው ከመቶ 10 እጅ እንኳ እንዳልሞላ ያሳያል። ሁለቱም የቈጠሩት በትክክል ነው፤ እውነቱን የተናገረው ግን አንዱ ብቻ ነው። ጠቅላላው ሥራ በማይታወቅበት ጊዜ ደግሞ አስተዋይ ሠሪ መጠን አይሰጥም፤ «ሥራው አልቆመም» የሚል የሚሽከረከር ምልክት ብቻ ያኖራል።

ከዚህ የባሰ ፈተናም አለ። በ2007 ዓ.ም. ክሪስ ሐሪሰንና ባልደረቦቹ ባደረጉት ጥናት፣ ወደ መጨረሻው እየፈጠነ የሚሄደው መሥመር ለተመልካቹ ያጠረ ጊዜ የወሰደ ይመስለዋል፤ በመጨረሻ የሚቆመው ግን የረዘመ ይመስለዋል። ስለዚህ ሠሪው ሥራውን ሳያፋጥን የሰውን ስሜት ብቻ ሊያፋጥን ይችላል። የሚጠብቀውን ማጽናናት ደግነት ነው፤ ሥራው በቆመበት ጊዜ መሥመሩን ማስኬድ ግን ማታለል ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራልና፣ አንድ ቀን የተታለለ ሰው ከዚያ ወዲያ ትክክለኛውንም አመልካች አያምንም።

ይህ ታሪክ ኮምፒዩተር ለሚሠሩ ሰዎች ብቻ የሚነገር አይደለም። «ነገ ተመለስ» የሚባል ባለጉዳይ የሚሽከረከር ምልክት እንደሚያይ ሰው ነው፤ ጉዳዩ አለመጣሉን እንጂ ምን ያህል እንደ ቀረው አያውቅም። ቀላሉን ሁሉ ፈጽሞ ከባዱን መዝገብ ያቆየ መሥሪያ ቤትም፣ ዘጠና ዘጠኝ መዝገብ መዝጋቱን በዓመቱ መግለጫ ሲጽፍ፣ ፋይል እንደሚቈጥረው አመልካች ይሆናል። የምንቈጥረውን በምንመርጥበት ጊዜ የምንናገረውን እውነት እንመርጣለን። ስለዚህ መግለጫ የሚጽፍ ሁሉ፣ ከቍጥሩ አስቀድሞ፣ የሚጠብቀው ሰው የሚጠይቀውን ያንን አንድ ጥያቄ ራሱን ሊጠይቅ ይገባዋል፤ ይኸውም ምን ያህል ተሠራ ብቻ ሳይሆን፣ በእውነት ምን ያህል ቀረ የሚለው ነው።