ጠቢቡ አልፎንሶ፦ የካስቲል ንጉሥና ሕጉ

አልፎንሶ 10ኛ በ1221 (እ.ኤ.አ.) በቶሌዶ ተወለደ። አባቱ ፈርናንዶ ሣልሳዊ ኮርዶባን በ1236፣ ሲቪያን ደግሞ በ1248 ከሙስሊም ገዢዎች እጅ ወስዶ የካስቲልና የሌዮንን ግዛት ወደ ደቡብ አስፍቶ ነበር። ልጁ በ1252 ሲነግሥ የተረከበው ክርስቲያን፣ ሙስሊምና አይሁድ አብረው የሚኖሩበት፣ እያንዳንዱም ከተማ በየራሱ ልማድ የሚዳኝበት አገር ነው።

ንጉሡ አገሩን በአንድ ሕግ ለማስተዳደር ስላሰበ ሊቃውንት ሰብስቦ «ሲዬቴ ፓርቲዳስ» የተባለውን ባለ ሰባት ክፍል የሕግ መጽሐፍ አስጻፈ። መጽሐፉ ከሃይማኖትና ከንጉሥ ሥልጣን ጀምሮ ጋብቻን፣ ንግድን፣ ውርስንና ወንጀልን ይደነግጋል። መኳንንቱና ከተሞቹ ግን የቆየ መብታቸውን አሳልፈው መስጠት አልፈለጉም። ስለዚህ መጽሐፉ በሕግነት የጸናው በ1348፣ የልጅ ልጁ ልጅ አልፎንሶ 11ኛ በነገሠበት ዘመን ነው።

በዕውቀት ረገድ ያሰበው ሰመረለት። ከዐረብኛ የተተረጎሙ መጻሕፍት በላቲን ብቻ ሳይወሰኑ ሕዝቡ በሚናገረው በካስቲልኛ እንዲጻፉ አደረገ። አይሁዳውያኑ ሊቃውንት ይሁዳ ቤን ሞሼና ይስሐቅ ኢብን ሲድ በቶሌዶ ያዘጋጁለት የከዋክብት ሰንጠረዥ እስከ 16ኛው መቶ ዘመን ድረስ የአውሮፓ ሥነ ፈለክ መሣሪያ ሆነ። የእመቤታችንን ተአምራት የሚተርኩና የሚያወድሷት ከ400 በላይ መዝሙሮችም በጋሊሲያ-ፖርቱጋልኛ ተሰበሰቡ።

ፖለቲካው ግን ፊቱን አዞረበት። በእናቱ በኩል ከሆኸንስታውፈን ነገሥታት ስለሚወለድ በ1257 ከጀርመን መራጮች ከፊሎቹ ለንጉሥነት መረጡት፤ ዘውዱን ለማግኘትም ብዙ ገንዘብ አፈሰሰ። በ1264 የአንዳሉሲያና የሙርሲያ ሙስሊሞች፣ በ1272 ደግሞ መኳንንቱ ዐመፁበት። በ1275 ጳጳስ ግሪጎርዮስ 10ኛ የጀርመንን ዘውድ ተስፋ አስቆረጡት፤ አልጋ ወራሹ ፈርናንዶም በዚያው ዓመት ሞተ።

የልጁ ሞት የአልጋ ክርክር አስነሣ። በንጉሡ የሕግ መጽሐፍ መሠረት ዘውዱ ለሟቹ ልጆች ይገባ ነበር፤ ሁለተኛው ልጅ ሳንቾ ግን በቀድሞው ልማድ ተመርኩዞ ለራሱ ጠየቀ። በ1282 በቫያዶሊድ የተሰበሰቡት ደጋፊዎቹ የንጉሡን ሥልጣን ገፈፉ። አልፎንሶ ከሞሮኮው የመሪኒድ ሱልጣን እርዳታ እስከመጠየቅ ደረሰ። በኑዛዜው ሳንቾን ከውርስ ነቅሎ ሚያዝያ 4 ቀን 1284 በሲቪያ ሞተ። ሆኖም ኑዛዜው አልተፈጸመም፤ ሳንቾ ነግሦ እስከ 1295 ገዛ።