እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ፤ ከደረስጌ እስከ ጨለቆት

በሰሜን ደጋ፣ በጃናሞራ ምድር፣ ደረስጌ ማርያም የተባለች የታወቀች ደብር ትገኛለች። ቤተ ክርስቲያኒቱን ያሠሯት ሰሜንንና ትግሬን ይገዙ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ሲሆኑ፣ ዐላማቸውም በዚያ ተቀብተው ዘውድ መጫን እንደነበረ ይነገራል። ይሁን እንጂ የካቲት 3 ቀን 1847 ዓ.ም. እዚያው ደረስጌ ላይ በተደረገው ጦርነት ድል ሆነው ተማረኩ። በሦስተኛው ቀን፣ ማለት የካቲት 5፣ እርሳቸው ባሠሩት ቤተ መቅደስ፣ እርሳቸው ከግብጽ ባስመጧቸው በአቡነ ሰላማ እጅ፣ ድል አድራጊው ካሣ ኃይሉ ተቀብተው ዐፄ ቴዎድሮስ ተባሉ። ስለዚያ ዕለት ብዙ ተጽፏል፤ አባቷ በሰንሰለት ታስሮ ስለሄደባት ልጅ ግን የተጻፈው ጥቂት ነው። ያች ልጅ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአባቷ አሳሪ ሚስት፣ የልጁም የልዑል ዓለማየሁ እናት የሆኑት እቴጌ ጥሩወርቅ ናቸው።

እቴጌ ጥሩወርቅ የገቡበት ቤት የሐዘን ቤት ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ የመጀመሪያ ሚስት የራስ ዐሊ ልጅ ተዋበች ነበሩ። ተዋበች፣ ባላቸውና አባታቸው ጠላት ሆነው በተለያዩ ጊዜ፣ ከባላቸው ጎን ጸንተው የቆሙ ሴት ናቸው። ባላቸው በአይሻል ሰኔ 23 ቀን 1845 ዓ.ም. አባታቸውን ድል ሲነሡም አልተለዩአቸውም። ነሐሴ 13 ቀን 1850 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ ቴዎድሮስ መሪር ሐዘን ያዙ። የንጉሡ ጠባይ ከዚያ ወዲህ እየከፋ መሄዱን ብዙ ጸሐፊዎች ያነሣሉ።

ጥሩወርቅ የተዳሩት በ1852 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ጋብቻውን የተቀበሉት አባታቸው ከእስር እንዲፈቱላቸው ሲሉ እንደነበረ ይነገራል። በአፈ ታሪክ ደግሞ የሰሜን ባላባት ልጅ በመሆናቸው እናቱ ጎንደር ላይ ኮሶ ትሸጥ ነበር የሚባልለትን ሰው ንቀውት ነበር ይባላል። ኩራት ቢሆን እንኳ ምክንያት ያጣ ኩራት አልነበረም። አባታቸው ነጻነታቸውን ሙሉ በሙሉ ሳያገኙ በቴዎድሮስ ዘመን ዐርፈዋልና። ሚያዝያ 16 ቀን 1853 ዓ.ም. የተወለደው ዓለማየሁ በዚህ ቂምና ዝምድና በተቀላቀሉበት ቤት የበቀለ ልጅ ነው።

የእቴጌይቱ ሕይወት የወታደር ሚስት ሕይወት ነበር። ባላቸው ከዘመቻ ወደ ዘመቻ፣ ከድንኳን ወደ ድንኳን ሲዘዋወሩ፣ እርሳቸው ከልጃቸው ጋር መቅደላ አምባ ላይ መቀመጥ ግድ ሆነባቸው። ንጉሡ የየጁዋን ይተመኙን ወደ ቤታቸው ካስገቡ ወዲህ የባልና የሚስቱ መራራቅ እየበዛ ሄደ። በመቅደላ ከታሰሩት አውሮፓውያን ወገን የተላለፈ አንድ ትዝታ አለ። ቀን ንጉሡ ሲገቡ እቴጌይቱ መዝሙረ ዳዊት ሲደግሙ አገኟቸው፤ ተነሥተውም አልተቀበሏቸውም። ምክንያቱን ሲጠየቁ፣ ከእርስዎ ከሚበልጥ ንጉሥ ጋር እየተነጋገርሁ ነው የሚል ትርጉም ያለው መልስ ሰጡ ይባላል። ጦርና ሰንሰለት ባልነበራቸው እጅ የቀረው መሣሪያ ይኸው የጸሎት መጽሐፍ ነበር።

በፋሲካ ማግሥት፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲሰብር ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሠዉ። አምባው ተዘረፈ፤ ኋላም ተቃጠለ። ባል የሞተባቸው እቴጌ የሰባት ዓመት ልጃቸውን ይዘው፣ የጄኔራል ናፒየርን ጦር ተከትለው ወደ ሰሜን አቅጣጫ ጉዞ ጀመሩ። ምኞታቸው ወደ ተወለዱበት ወደ ሰሜን ደጋ፣ ወደ ዘመዶቻቸው መመለስ ነበር። ነገር ግን በሳንባ ሕመም ተይዘው ሳለ የመንገዱ ድካም ጸናባቸው። ግንቦት 8 ቀን፣ ባላቸው ከሞቱ ከአንድ ወር በኋላ፣ በእንደርታ ምድር ዐረፉ። በራስ ወልደ ሥላሴ በተመሠረተው በጨለቆት ሥላሴም ተቀበሩ። ሰሜን ተራራ ሳይደርሱ ቀሩ።

ልጁ ግን ጉዞውን ቀጠለ። ካፒቴን ስፒዲ የተባለው መኮንን ሞግዚቱ ሆኖ ወደ እንግሊዝ አገር ወሰደው፤ ንግሥት ቪክቶሪያም አዩት፤ አዘኑለትም። እናቱን በሕፃንነቱ፣ አገሩን ከእርሷ ጋር ያጣው ልዑል፣ ኅዳር 5 ቀን 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ሊድስ ከተማ ውስጥ ሞተ፤ በዊንዘርም ተቀበረ። ኢትዮጵያውያን ዐፅሙ ለአገሩ እንዲመለስ ደጋግመው ጠይቀዋል። በ2015 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት የሰጠው መልስ፣ በዚያ ያረፉትን የሌሎችን ዐፅም ሳይነካኩ ማውጣት አይቻልም የሚል ነበር። በ2016 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ግን የስፒዲ ዘሮች በቅርስነት ያቆዩት አንድ የልዑሉ ዘለላ ጠጉር ለኢትዮጵያ ወገን ተሰጠ።

የእናቲቱም ነገር በባዕድ አገር ቀርቷል። በለንደን ከተማ በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም፣ በሐር የተጠለፈ አንድ የጥጥ ቀሚስ አለ። የእቴጌይቱ ልብስ መሆኑ የሚታወቀው ይህ ቀሚስ፣ መቅደላ በተዘረፈ በ150ኛው ዓመት፣ በ2010 ዓ.ም.፣ ከሌሎች የመቅደላ ዕቃዎች ጋር ለሕዝብ ታይቷል። ቀሚሱን በእጅ የፈተሉትና የጠለፉት ሰዎች ስማቸው አልተመዘገበም፤ የለበሷትም ሴት ስም ቢሆን በዚያ የተጻፈው ጥሩነሽ ተብሎ ነው።

ስለዚህ የአንዲት እናት ታሪክ በአራት ስፍራ ተበትኖ ይገኛል። አባቷ ያሠሯት ቤተ ክርስቲያን ደረስጌ ላይ፣ መቃብሯ ጨለቆት፣ ልብሷ ለንደን፣ ልጇ ዊንዘር ናቸው። የመቅደላን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ስለ ንጉሡ ጀግንነትና ስለ መድፉ ብቻ ተርኮ ቢያበቃ፣ ታሪኩን በግማሽ ትቶታል ማለት ነው።