እንደ መጣ መቀበልና አስማምቶ መያዝ፤ የአንድሮይድ መሣሪያ በትምህርት ገበታ ላይ

አጋርፋ በባሌ ደጋማ ምድር ከሮቤ በስተ ሰሜን ምዕራብ የምትገኝ የስንዴና የገብስ አገር ናት። ከእርሷ አልፎ የሚሄድ ሰው ባሌን ከአርሲ ወደሚለየው የዋቢ ሸበሌ ሸለቆ ይደርሳል። ስሟ በትምህርት ታሪካችን ውስጥ የሚነሣው ከሁሉ በፊት በአብዮቱ ዘመን በተቋቋመው የገበሬዎች ማሠልጠኛ ማዕከል ምክንያት ነው። ከልዩ ልዩ ክፍላተ ሀገር የተመረጡ ገበሬዎች ወደዚያ እየሄዱ ይሠለጥኑ ነበር፤ ተቋሙም በኋላ የግብርና ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ሆኗል። እንዲህ ባለ ሥፍራ ዘወትር የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። በሌላ አገር የተሠራ መሣሪያ እንደ መጣ ይያዝን? ወይስ ለአፈሩ፣ ለበሬውና ለሚጠቀምበት ሰው እጅ እንዲስማማ ይለወጥ? ማረሻን ለማሻሻል የሞከሩ ሁሉ ጥያቄውን ያውቁታል።

ዛሬ በአጋርፋም ሆነ በጎባ ወይም በሮቤ ይኸው ጥያቄ በመምህሩ ኪስ ውስጥ ይገኛል። የአንድሮይድ ስልክ የያዘ ሰው ሁለት መንገድ አለው። ከፋብሪካ የወጣውን ሶፍትዌር ሳይነካ ይገለገላል፤ አለዚያም መልኩን፣ ፊደሉን፣ አልፎም ሥርዓተ ክወናውን ራሱን ይለውጣል። ለግለሰብ ነገሩ የምርጫ ጉዳይ ይመስላል። መሣሪያው የትምህርት ቤት በሆነ ጊዜ ግን ማን ይለውጠው፣ ማንስ ይቈልፈው የሚለው የትምህርት ፖሊሲ ጥያቄ ይሆናል። ይህ ጽሑፍ ጥያቄው በአገራችን ያለፈበትን መንገድ ለመከተል ይሞክራል።

ቀድሞ የነበረው ልምድ

መሣሪያን እንደ መጣ መቀበል ለኢትዮጵያ አንባቢ ብዙ ጊዜ የሚቻል ነገር አልነበረም። የጽሕፈት መኪና ለላቲን ፊደል የተሠራ ነበር፤ ጥቂት ደርዘን ቁልፎች ያሉት መኪና ከሁለት መቶ በላይ የሆኑትን የፊደል ቅርጾች ሊሸከም አይችልም። ኢንጂነር አያና ብሩ የውጭውን መኪና ለአማርኛ ጽሕፈት ለማስማማት የደከሙት ስለዚህ ነበር። በጊዜው የተገኘው መፍትሔ የፊደሉን አካልና ቅጥያውን ለየብቻ መምታት በመሆኑ በመኪና የተጻፈው ፊደል መልኩ ጥቂት ተንሻፎ ይታይ ነበር። በኋላም ኦሊቬቲን የመሰሉ ፋብሪካዎች የአማርኛ መኪና ለገበያ አቀረቡ። ስለዚህ ማስማማቱ ዋጋ ነበረው ማለት ነው፤ መኪናው ለፊደሉ ሲታዘዝ ፊደሉም ለመኪናው ጥቂት ታዝዟል።

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሌላ ምሳሌ ነው። ዘመቻው በ5 ቋንቋዎች ተጀምሮ ወደ 15 ቋንቋዎች ሲስፋፋ መማሪያዎቹ ሁሉ በግዕዝ ፊደል ተዘጋጅተዋል። አንዱ ዝግጅት ለሁሉም እንደማይበቃ በመታወቁ ቋንቋው ተለወጠ፤ ፊደሉ ግን ከማዕከል እንደ ወጣ ቆየ። ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ የባሌ ትምህርት ቤቶች ኦሮምኛን በላቲን ፊደል ማስተማር ሲጀምሩ ሳይለወጥ የቆየው ይኸው ክፍል ነው የተለወጠው። ወደዚህ ነጥብ በኋላ እንመለሳለን።

ተቃራኒው ምሳሌ ለአብዛኛው የሁለተኛ ደረጃ መምህር ቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በሳተላይት የሚተላለፈው የቴሌቪዥን ትምህርት፣ በተለምዶ «ፕላዝማ» የሚባለው፣ ወደየክፍሉ ገባ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ የቀረበ ሲሆን ዝግጅቱ በደቡብ አፍሪካ የተከናወነ ነበር። መምህሩ በመጀመሪያና በመጨረሻ ጥቂት ደቂቃዎች ይሰጡት ነበር። በመካከሉ ግን ሥርጭቱን ማቆም፣ ወደ ኋላ መመለስ ወይም ማዘግየት አይችልም። ተማሪው ያልገባው ነገር ቢኖር ምስሉ አይጠብቀውም። በዚያ ዘመን ከመምህራን ይሰማ የነበረው ቅሬታ በአብዛኛው የትምህርቱን ጥራት የሚመለከት አልነበረም፤ ፍጥነቱ ከእጃቸው መውጣቱን የሚመለከት ነበር። በዕቅድ አውጪው ዘንድ ይህ እንደ ጥቅም ሊቈጠር ይችል እንደ ነበር መካድ አይገባም። በሩቅ ያለው ተማሪ የአዲስ አበባውን ተማሪ ትምህርት በአንድ ሰዓት ያገኛልና።

የወንጪና የወለንጪቲ ልጆች

ወደ አንድሮይድ ስንመጣ በዓለም ሁሉ ስሙ የተነሣው የኢትዮጵያ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ2012 የሆነው ነው። «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» በመባል የሚታወቀው የአሜሪካ ድርጅት ትምህርት ቤት ባልነበረባቸው በሁለት የኦሮሚያ መንደሮች ለልጆች የሞቶሮላ ዙም ታብሌቶችን ሰጠ። አንደኛው መንደር በወንጪ፣ በእሳተ ገሞራው አፋፍ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ የሚገኝ ነው። ሁለተኛው በስምጥ ሸለቆ ውስጥ በወለንጪቲ አካባቢ ነው። በእያንዳንዱ መንደር የተመረጡት ልጆች 20 ያህል፣ ዕድሜያቸውም ለአንደኛ ክፍል የደረሰ ነበር። ታብሌቶቹ እንደ ታሸጉ በካርቶን ተሰጡ፤ መመሪያም አልተሰጠም። በፀሐይ ኃይል እንዴት እንደሚሞሉ ግን ለአዋቂዎቹ ተነገራቸው። በየሳምንቱ አንድ ሠራተኛ እየመጣ የማስታወሻ ካርዶቹን ይለውጥ ነበር፤ ልጆቹ የነኩት ሁሉ በእነዚያ ካርዶች ላይ ተመዝግቦ ለተመራማሪዎቹ ይደርሳል።

የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት እንደ ተናገሩት አንድ ልጅ በ4 ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ፤ በ5 ቀን ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ በቀን በአማካይ 47 ፕሮግራሞችን ይከፍት ነበር፤ በ2 ሳምንት የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር ይዘምሩ ጀመር። በ5 ወር ውስጥም አንድሮይድን «ሰበሩት»። የዓለም ጋዜጦች የያዙት ይህን የመጨረሻውን ቃል ነው።

መምህር የሆነ አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ብሎ የሆነውን በዝርዝር ቢመለከት ይጠቀማል። ታብሌቶቹ ሲዘጋጁ የመነሻ ገጹን አሠራር የሚያግድ ሶፍትዌር ተጭኖባቸው ነበር፤ የሁሉም መልክ አንድ ሆኖ እንዲቆይ የታሰበ ነበር። ካሜራውም እንዳይሠራ ተደርጎ ነበር። ልጆቹ እገዳውን አልፈው እያንዳንዱ የራሱን ገጽ በራሱ መልክ አደራጀ፤ ካሜራው መኖሩንም ደርሰውበት አሠሩት። የሆነው ይህ ነው። የሥርዓተ ክወናውን ውስጣዊ ጽሑፍ የለወጠ ልጅ አልነበረም። በዛሬው የስልክ ጠጋኞች አነጋገር መሣሪያውን ፍላሽ አላደረጉትም፤ ያለፈቃድ የተዘጋባቸውን ቅንብር ከፈቱ እንጂ። «ሰበሩ» የሚለው ቃል ለጋዜጣ ርእስ ይመቻል፤ ለታሪክ ግን ይበዛል።

ይህን ማለቴ የልጆቹን ሥራ ለማሳነስ አይደለም። ይልቁንም ሁሉም ታብሌቶች አንድ መልክ ይዘው ቢቆዩ ኖሮ የሚያሳስበው ያ ነበር። ልጅ ደብተሩን በቀለም ይሸፍናል፤ ስሙን በጠረጴዛው ላይ ይቀርጻል። የእኔ ነው ያለውን ነገር ይለውጠዋል፤ የለወጠውን ደግሞ ይጠብቀዋል። ነገር ግን ልጆቹ ሊለውጡት ያልቻሉት አንድ ነገር ነበር፤ ቋንቋው። በታብሌቶቹ ውስጥ የነበሩት መጻሕፍት፣ ጨዋታዎችና መዝሙሮች በእንግሊዝኛ ሲሆኑ መንደሮቹ ኦሮምኛ የሚነገርባቸው ናቸው። የገጹ መልክ በልጅ እጅ ሲለወጥ የትምህርቱ ፍሬ ከፋብሪካውና ከድርጅቱ እንደ ወጣ ቆየ። በእኔ አስተያየት የዚህ ታሪክ ዋና ነጥብ ከካሜራው ይልቅ ይህ ነው፤ በጊዜው ግን የጻፉት ጥቂቶች ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ቀደም ያለ ነገር መጠቀስ አለበት። ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ገደማ 5,000 ያህል ኤክስ ኦ የተባሉ ትንንሽ ላፕቶፖች ወደ ኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች እንዲገቡ አድርጎ ነበር። ለነዚህ ላፕቶፖች የአማርኛ የቁልፍ ሰሌዳ የተዘጋጀ ሲሆን፣ የመሣሪያው ሐሳብ ራሱ ተማሪው የፕሮግራሙን ውስጥ ከፍቶ እንዲያይ የሚጋብዝ ነበር። ከ4 ዓመት በኋላ በዚያው ድርጅት እጅ የመጣው ታብሌት የግድግዳውን ሥዕል እንኳ እንዳይለወጥ የሚከለክል መሆኑ አስገራሚ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 ለተገለጸው የ15 ሚሊዮን ዶላር ዓለም አቀፍ የመማሪያ ሶፍትዌር ውድድር ከወንጪው የመሰለው ሐሳብ ቢቀርብም አፈጻጸሙ የተለየ ነበር። ሙከራው በታንዛኒያ በ170 ያህል መንደሮች ሲካሄድ ትምህርቱ በስዋሂሊ ነበር። ተወዳዳሪዎቹ የፕሮግራማቸውን ጽሑፍ ማንም ወስዶ ለራሱ ቋንቋ እንዲያስማማው ክፍት እንዲያደርጉ ግዴታ ነበረባቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 ሁለት ቡድኖች የመጨረሻውን ሽልማት ተካፍለዋል።

መለወጥ ሲባል ምን ማለት ነው

አንድሮይድ በሊኑክስ ላይ የተመሠረተና ዋናው ጽሑፉ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሥርዓት ነው፤ የመጀመሪያው ስልክም እ.ኤ.አ. በ2008 ለገበያ ቀርቧል። ክፍት ነው ማለት ግን የሚሸጠው ስልክ ክፍት ነው ማለት አይደለም። እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱን ገጽታና የራሱን ፕሮግራሞች ይጨምርበታል፤ በአገራችን ብዙ የሚታየው ቴክኖም ሂዮስ የሚባል የራሱ መልክ አለው። ከነዚህ ፕሮግራሞች አንዳንዶቹን ባለቤቱ ሊያጠፋቸው አይችልም። ስለዚህ «ከፋብሪካ የወጣ» የሚባለው ራሱ ቀድሞ በሌላ እጅ የተለወጠ ነው፤ ይህን ልብ የሚሉ ጥቂቶች ናቸው።

መልክን፣ የመነሻ ገጽንና የቁልፍ ሰሌዳን መለወጥ አንድሮይድ ራሱ የሚፈቅደው ነው፤ ስልኩንም አይጎዳም። ሩት ማድረግ የሚባለው ከዚህ ይለያል። በዚህ አሠራር ባለቤቱ ፋብሪካው ለራሱ ያስቀረውን ሥልጣን ይወስዳል። ከዚያ አልፎ ሥርዓቱን በሙሉ አንሥቶ ሌላ መጫን አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው ሳያኖጅንሞድ በዚህ ታወቀ። እርሱ በ2016 መጨረሻ ሲቋረጥ ሊኒየጅ ኦኤስ ተተካ። ሰው ይህን የሚያደርግበት በቂ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ፋብሪካው ከጥቂት ዓመታት በኋላ የደኅንነት ማሻሻያ መላኩን ሲያቆም ገና የሚሠራው ስልክ ያረጃል፤ በሌላ ሥርዓት ግን ዕድሜው ሊራዘም ይችላል። ጉዳቱም ቀላል አይደለም። የፋብሪካው ዋስትና ሊቀር ይችላል፤ ብዙ የባንክ ፕሮግራሞች ሩት በተደረገ ስልክ ላይ አልሠራም ይላሉ። መብራት በመካከል ቢጠፋና የባትሪው ኃይል ቢያልቅ ደግሞ ስልኩ «ሊሞት» ይችላል። የባሌን መብራት የሚያውቅ ሰው ይህን የመጨረሻውን አይንቀውም።

ለኢትዮጵያዊው ግን ከሁሉ የበለጠ ምክንያት የነበረው ፊደል ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም የመጀመሪያዎቹ የአንድሮይድ እትሞች የፊደሉ ቅርጽ አልነበራቸውም። በአማርኛ የተላከ መልእክት ባዶ ሣጥኖች ሆኖ ይታይ ነበር። የፊደሉን ፋይል ወደ ሥርዓቱ አቃፊ ለማስገባት ደግሞ ስልኩን ሩት ማድረግ ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ አንዳንዱ ወጣት ስልኩን የከፈተው የእናቱን መልእክት ለማንበብ ነበር፤ ለጨዋታ ብሎ አልነበረም። ፊደሉ በኋላ ከፋብሪካው ጋር መምጣት ሲጀምር ይህ ምክንያት ቀረ፤ የቁልፍ ሰሌዳውም እንደ ማንኛውም ፕሮግራም የሚጫን ሆነ።

በአጋርፋ የሚማር ልጅ ሁኔታ ከዚህ ይለያል። ኦሮምኛን በላቲን ፊደል የሚጽፍ በመሆኑ ስልኩ እንደ መጣ ያገለግለዋል፤ ባዶ ሣጥን አላጋጠመውም። ያጋጠመው ሌላ ነገር ነው። የእንግሊዝኛው የቃል ማረሚያ ቃላቱን ስሕተት እያለ በቀይ ያሰምርባቸዋል፤ የተደጋገሙትን አናባቢዎች ይሰርዛል፤ ወይም በማይገናኝ የእንግሊዝኛ ቃል ይተካቸዋል። አናባቢው ሲያጥር ትርጉሙ በሚለወጥበት ቋንቋ ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። ማረሚያውን ማጥፋት ወይም የኦሮምኛውን ሰሌዳ መጫን ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው። ሆኖም እንዲህ ማድረግ እንደሚቻል ያልተነገረው ተማሪ ስሕተቱ የራሱ ይመስለዋል። እዚህ ላይ መምህሩ የሚያስፈልገው ሥርዓተ ክወና ለመቀየር አይደለም፤ የቅንብሩን ገጽ ከተማሪው ጋር ለመክፈት ነው።

ዕቅድ አውጪዎች የትምህርት ቤት ታብሌት ይቈለፍ የሚሉበት ምክንያት አላቸው፤ የተቈለፈ መሣሪያ አይጠፋበትም፣ የማይገባ ነገር አይጫንበትም፣ ለአንድ ዓይነት ትምህርትም ይመቻል። ይህን ሐሳብ በመርሕ ደረጃ አልቃወምም። የማየው ችግር የቍልፉ አያያዝ ነው። በአንድ ወቅት በጐበኘሁት ትምህርት ቤት ታብሌቶች በቁም ሣጥን ተደርድረው አገኘሁ። ሲበሩ የሚስጥር ቍጥር ይጠይቃሉ። ቍጥሩን የሚያውቀው ሠራተኛ ወደ ሌላ ሥፍራ ተዛውሯል፤ በመዝገብም አልሰፈረም። ርእሰ መምህሩ የስልክ ጠጋኝ ጠርቶ ማስከፈት እንደሚቻል ያውቃል፤ ንብረቱ የመንግሥት በመሆኑ ግን ያለ ደብዳቤ ሊያስነካው አልደፈረም፤ ደብዳቤውም በመጠበቅ ላይ ነበር። ባትሪዎቹ እንዳይሞቱ አንዲት መምህርት በየወሩ እያወጣች ቻርጅ ታደርጋቸው ነበር።