ለ«ዴልታ አፕዴት» የሚሆን ቃል

በቀርፋፋ መስመር የኮምፒዩተሩን ሥርዓተ ክወና ወደ አዲስ እትም ለማሻገር የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የሚገጥመው የሒሳብ ነገር ነው፤ 5 ጊጋባይት የሚሆነው ሙሉ ቅጂ በሰከንድ 1 ሜጋቢት በሚያሳልፍ መስመር ያለ ዕረፍት ቢወርድ ከ11 ሰዓት በላይ ይፈልጋልና፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት የተጀመረው ሥራ በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት አልፎ ይፈጸማል ተብሎ ሲጠበቅ፣ ሌሊቱን መብራት ጠፍቶ፣ ማውረጃውም ካቆመበት መቀጠል የማይችል ሆኖ፣ ባለቤቱ ሲነቃ መቁጠሪያው 0 ላይ ቆሞ ያገኘዋል። የኢንተርኔት ፓኬጁም ሒሳብ ላልደረሰ ፋይል አልቋል።

ለዚህ ጭንቅ የተገኘው መላ፣ ሙሉውን ቅጂ ትቶ የተለወጠውን ብቻ ማውረድ፣ በባለሙያዎች ዘንድ «ዴልታ አፕዴት» ይባላል። ዴልታ ከግሪክ ፊደላት አራተኛው፣ በዘሩም ከእኛው «ደ» ጋር የሚዛመድ ሲሆን፣ የሒሳብ ሊቃውንት ልዩነትን ያመለክቱበታል፤ ስለዚህ እኔ ቃሉን «ልዩነታዊ ዝማኔ» ብዬ እመልሰዋለሁ። «ዝማኔ» በስልኮቻችን የአማርኛ ገጽ ላይ ስለተለመደ ሌላ መፍጠር አያሻም። «ከፊል ዝማኔ» ማለት ግን ያሳስታል፤ ከፊል የሆነው በመስመሩ የሚጓዘው ነው እንጂ በመጨረሻ የሚገኘው ሥርዓት ምሉዕ ነውና።

የነገሩን ባሕርይ የብራና ቁም ጸሐፊ ጠንቅቆ ያውቀዋል። አንድ ቃል ቢሳሳት መጽሐፉን ከ«በስመ አብ» ጀምሮ አይገለብጥም፤ የተሳሳተውን በቢላዋ ፍቆ፣ የተዘለለውን በመስመሮቹ መካከል ወይም በኅዳጉ ጽፎ ያቀናዋል እንጂ። የታረመው መጽሐፍ በጎንደር፣ ያልታረመው ግልባጭ በላሊበላ ይገኛል እንበል፤ በበቅሎ ተጭኖ መሄድ የሚገባው መጽሐፉ ሳይሆን፣ በዚህ ቅጠል፣ በዚህ ዓምድ፣ በዚህ መስመር ያለው ቃል እንዲህ ይታረም የምትል አንዲት ወረቀት ናት። ሆኖም የላሊበላው ግልባጭ ወረቀቷ ከታሰበችለት ቅጂ ጋር ፊደል በፊደል ካልተስማማ፣ እርማቱ ራሱ ስሕተት ይሆናል። ኮምፒዩተርም የቀደመውን እትም ሳይነካካ ማቆየት፣ ከእርማቱ በኋላም የተገኘውን ፋይል በማረጋገጫ ቁጥር መመርመር ያለበት ስለዚህ ነው።

ልዩነቱን ብቻ የመላክን ጥበብ ካስፋፉት አንዱ፣ አንድሩ ትሪጅልና ፖል ማኬራስ እ.ኤ.አ. በ1996 በአውስትራሊያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ያወጡት «አርሲንክ» የተባለ ፕሮግራም ነው፤ ሁለቱ ሊቃውንት ማሽኖቹ የተገናኙበት መስመር ቀርፋፋ ነው ከሚል መነሻ ተነሥተው፣ ተቀባዩ ያለውን ፋይል በየክፍሉ ቈራርጦ የእያንዳንዱን ክፍል አጭር አሻራ እንዲልክ፣ ላኪውም አሻራው የማይገጥመውን ክፍል ብቻ እንዲመልስ አደረጉ።

ዋጋ ግን አለው፤ በመስመሩ ላይ የተቈጠበው ድካም ወደ ማሽኑ ይዞራል፣ አሮጌውንና እርማቱን ገጣጥሞ አዲሱን የሚሠራው እሱ ነውና። ፌዶራ ሊኑክስ የተባለው ሥርዓተ ክወና አዘጋጆች እ.ኤ.አ. በ2009 ይህን ስልት ለተጠቃሚዎቻቸው ካቀረቡ በኋላ፣ ልዩነቶቹን የሚዘረዝረው መዝገብ ራሱ መውረድ ስላለበት ትርፉ ሳስቷል ብለው በ2024 ትተውታል። መስመሩ ፈጣን ለሆነለት ሰው ውሳኔው ቀላል ነው፤ በ1 ሜጋቢት ለሚያድር ሰው ግን የእያንዳንዷ ሜጋባይት ቍጠባ የእንቅልፍ ሰዓት ናት።