ካሴቱ ማን ጋ ነው?

ለጅጅጋ የሙዚቃ ወዳጅ ለረጅም ዘመን አልበም ያዘጋጅለት የነበረው ዘፋኙ አይደለም፤ ካሴት ገልባጩ ነው። አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ሌላ ነበር። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አምሃ ሪከርድስን አቋቁሞ ሸክላ ማሳተም ከጀመረ ወዲህ፣ ኋላም ካይፋን የመሳሰሉ ሙዚቃ ቤቶች ካሴት ሲያወጡ፣ አድማጩ ሱቅ ገብቶ የጥላሁንን ወይም የማሕሙድን አዲስ ሥራ ይገዛል። ሽፋኑ ላይ ፎቶ አለ፣ የዘፈኖቹ ዝርዝር አለ። የሶማሊኛ ዘፈን ግን አብዛኛው ለገበያ ተብሎ የተቀዳ አልነበረም። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ፣ ወርቃማ በሚባለው ዘመን፣ ሶማሊያ ውስጥ የሙዚቃው ጌታ መንግሥት ነው፤ ዘፈኑ የሚቀዳው ለሬዲዮ ሐርጌሳና ለሬዲዮ ሞቃዲሾ ነው፣ አለዚያም የተውኔት አካል ሆኖ መድረክ ላይ ይዘፈናል። ሰው ቤት የሚገባው አንዱ ከሬዲዮ ሲቀዳው፣ ወይም ዑድ የሚጫወተው ሰው ፊት ቴፕ አስቀምጦ ሲያስቀረው ነው። ከዚያ ሌላው ይገለብጠዋል፤ ከእሱም ሌላው።

እንዲህ ባለ ገበያ ምክር ብቻውን አይሰጥም፤ ከዕቃው ጋር ነው። «የማጎልን ሰምተሃል?» ያለ ሰው ወይ ካሴቱን ያውሳል፣ ወይ ካሴቱ ያለበትን ቤት ይጠቁማል። ባዶ ካሴት ተይዞ ወደ ገልባጩ ይኬዳል። ገልባጩ ባለ ሁለት ማጫወቻ ቴፑን ይከፍትና ዋናውን በአንዱ፣ ባዶውን በሌላው ያስገባል። የካሴቱ ጀርባ ላይ ያለችው ትንሽ የፕላስቲክ ጆሮ ከተሰበረች ቴፑ አልቀዳም ይላል፤ ያኔ ቀዳዳው ላይ ፕላስተር ይለጠፋል። የተወደደ ዘፈን ያለበት ካሴት ደግሞ ማንም ሳያስብ እንዳይቀዳበት ጆሮዋ ሆን ተብሎ ትሰበራለች። ስድሳ ደቂቃው አስተማማኝ ነው፤ ዘጠናውም ደህና ነው፤ የመቶ ሃያው ክር ግን ስስ ስለሆነ ቴፑ ውስጥ መጠምጠም ይወዳል፤ ያን ጊዜ በቢክ እስክሪብቶ እያጠነጠኑ መመለስ ነው። ቅጂ ከቅጂ በተቀዳ ቁጥር ሹክሹክታው ይጨምራል፣ ድምፁ ይርቃል። የገልባጩ ትልቅ ሥልጣን ግን መጨረሻ ላይ ይመጣል። የተጠየቀው ዘፈን አልቆ ስድስት ሰባት ደቂቃ ክር ሲተርፍ በዚያ ላይ የራሱን ምርጫ ይሞላል፤ ደንበኛው ያላዘዘውን የኻድራ ዳሂርን ወይም የመሐመድ ሱሌይማን ቱቤኢን አንድ ዘፈን። ደንበኛው በሳምንቱ ተመልሶ «መጨረሻ ላይ ያለው የማን ነው?» ሲል አዲስ ክርክር ይከፈታል።

ክርክሩ ብዙውን ጊዜ በርጫ ላይ ይሟሟቃል፤ ምርቃናው ሲመጣ ማንም ዳኛ ነው። የሶማሊኛ ዘፈን ሦስት ባለቤት ስላለው ደግሞ ለክርክር የተመቸ ነው፤ ግጥሙ የአንዱ፣ ዜማው የሌላው፣ ድምፁ የሦስተኛው። እኛ አማርኛ አድማጮች «የእገሌ ዘፈን» ስንል ዘፋኙን ማለታችን ነው። እዚያ ግን አንድ ሰው «የሃድራዊ ነው» ካለ ገጣሚውን ጠራ እንጂ የዘፋኙን ስም ገና አልጠራም። ግጥሙን የሚያውቅ አድማጭ ከፍ ያለ ቦታ አለው፤ ውስጠ ወይራውን የሚፈታው እሱ ነውና።

አድማጭ ራሱ የዘፈን ምክንያት የሚሆንበት ጊዜም አለ። ዘፋኟ ማጎል (ሐሊማ ኸሊፍ ኡመር) ሱዳን ውስጥ ከዘፈነች በኋላ አንድ የፈዘዘባት ወጣት በገዛ ደሙ የጻፈው ደብዳቤ ላከላት ይባላል። ሃድራዊ ያን ይዞ ፍቅር በደም ተጽፎ ያውቃል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ግጥም ገጠመ፤ ራሷ ማጎልም ዘፈነችው። ለአድናቂ ደብዳቤ ከዚህ የሚበልጥ መልስ የተሰጠበት ቦታ ካለ አላጋጠመኝም።

ቴፕ ከመምጣቱ በፊትም ልማዱ ነበር። በ1920ዎቹ «ጉባ» የሚባለው የግጥም ሰንሰለት በሐውድና በኦጋዴን ሜዳ ላይ ሲዞር፣ አሊ ዱህ የወረወረውን ቀማን ቡልሃን ሲመልስ፣ ቃሉን ያመላልስ የነበረው በቃሉ ያጠና ሰው ነው። ያ ሰው ግጥሙን ማን እንደገጠመው ሳይናገር አይጀምርም፤ አንዲት ቃል ከራሱ ቢጨምር ይወቀሳል። የኋለኛው ዘመን ካሴት የወረሰው የእሱን ሥራ ነው።

ዘመናዊው የሶማሊኛ ዘፈን ደግሞ በጭነት መኪና ነው የመጣው። አብዲ ሲኒሞ የሚባለው አብዲ ደቅሲ ሾፌር ነበር፤ በቦረማ፣ በዘይላ፣ በጅቡቲና በድሬዳዋ መካከል የሚመላለስ። በ1940ዎቹ አጋማሽ «በልዎ» የሚባለውን አጭር የፍቅር ዘፈን ያስጀመረው እሱ ነው። ቦረማ ዛሬ የሶማሌላንድ ከተማ ትሁን እንጂ በቀድሞ ስሟ ተፈሪ በር ለምትባለው ለአውበሬ ድንበር ላይ ያለች ጎረቤት ናት። በልዎ ሁለት ሦስት ስንኝ ብቻ ነበር፤ ሾፌሩ ከረዳቱ ጋር ዳገት እየወጣ ሊይዘው ይችላል፤ ሻይ ቤት ሲደርስ ይዘራዋል። ሼኮቹ ነቀፉት፤ ወጣቱ አልሰማቸውም። ብዙ በልዎ እየተቀጣጠለ «ሄሎ» የሚባለው ረጅም ዘፈን ሆነ፤ በ1924 ሞሺ፣ ታንጋኒካ ውስጥ ተወልዶ ዑድን ኤደን ላይ የተማረው አብዱላሂ ቀርሼም መሣሪያውን አስገባበት። አሜሪካዊው ጆን ጆንሰን በ1974 ስለ ሄሎ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጽፏል፤ የነገሩ መነሻ ግን ምሁር ሳይሆን ሾፌር መሆኑን ማስታወስ ደስ ይላል።

ሬዲዮ ሐርጌሳ በ1943 ተከፍቶ ነበር፤ የቢቢሲ የሶማሊኛ ክፍል በ1957 ተጨመረ። ሞገድ ድንበር አያውቅምና የጅጅጋ፣ የሽንሌና የደወሌ ሻይ ቤት ሁሉ የሚሰማው ይህንኑ ነው። ጎን ለጎን ድሬዳዋ ሌላ ጆሮ ታሳድጋለች። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተመሠረተው አፍረን ቀሎ ባንድ ውስጥ ያደገው አሊ ቢራ በኦሮምኛ ገነነ፤ በሶማሊኛ፣ በሐረሪ፣ በአማርኛና በዓረብኛም ዘፍኗል። የምሥራቁ ሰው የካሴት ሳጥን ለዚህ ነው ባለ ብዙ ቋንቋ የሆነው። አሊ ቢራ ከማጎል አጠገብ ይቀመጣል፤ ጥላሁን ከህንድ ፊልም ዘፈን ጋር ይደባለቃል። ቃሉን ሳይሰሙ ዜማውን የሚያደንቁ ሰዎች ያሉበት አገር ነው፤ እኔ ከነሱ አንዱ ነኝ፤ ቃሉ ሲተረጎምልኝ ቅር የሚለኝም ጊዜ አለ።

የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጦርነት ይህን ሁሉ አደፈረሰው። የሶማሊያ ጦር በመስከረም 1970 ዓ.ም. ጅጅጋን ያዘ፤ ከተማዋ ካራማራ ላይ ከተደረገው ውጊያ ጋር የካቲት 26 ቀን ተመለሰች። ከዚያ በኋላ የሞቃዲሾን ሬዲዮ ድምፁን ከፍ አድርጎ መክፈት ማን ይደፍራል? ካሴት ግን ድምፁ ይቀነሳል፣ በር ተዘግቶ ይሰማል፣ ኪስ ውስጥ ይገባል።

የመልስ ካሴት ትልቁ ታሪክ የመጣውም በዚሁ ሰሞን ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 መገባደጃ ጋሪዬ በሚል ስም የሚታወቀው መሐመድ ሃሺ ዳማ ጎሰኝነትን የሚነቅፍ ግጥም አወጣ። አምስት ዓመት ያህል ታስሮ በ1978 የተፈታው ሃድራዊ ተቀበለው። ሌላው ተከተለ። ግጥሞቹ ሁሉ በአንድ ፊደል፣ በ«ድ» ቤት፣ የሚሄዱ ስለነበሩ ሰንሰለቱ «ዴሌይ» ተባለ፤ 50 የሚጠጉ ገጣሚዎች ገቡበት፤ የሲያድ ባሬን መንግሥት የሚደግፍም የሚያወግዝም ነበረበት። በጊዜው የትኛውም ማተሚያ ቤት አላተመውም፣ ሬዲዮም አላስተላለፈውም። በካሴት እየተገለበጠ ሶማሊኛ የሚሰማበት አገር ሁሉ ደረሰ፤ ባሕር ማዶም ሄደ። አንዱ ካሴት ሲደርስ ሰው ተሰብስቦ ይሰማል፣ ይከራከራል፣ ከዚያ «መልሱ መጥቷል?» ብሎ ይጠይቃል። መልስ መስጠት የሚችለው ደግሞ በዚያው ፊደል መግጠም የሚችል ብቻ ነው። አስተያየት ለመስጠት እንዲህ ያለ ፈተና ዛሬም ቢኖር የብዙዎቻችን አፍ በተዘጋ ነበር።

በ1981 ለንደን ላይ የተመሠረተው የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ በማግሥቱ ዓመት ወደ ኢትዮጵያ መጣ። ሃድራዊና ጋሪዬም ድንበር ተሻግረው ተቀላቀሉት። ድምፃዊው መሐመድ ሞጌ ሊባን ደግሞ ታጋይ ሆኖ በ1984 ወደቀ። ትናንት በሬዲዮ ብቻ የሚሰሙ ሰዎች በዚህ በኩል ባለው አቧራማ መንገድ ላይ በአካል ይታዩ ጀመር።

ከዚያ 1988 ደረሰ። በግንቦት መጨረሻ ንቅናቄው ቡራኦንና ሐርጌሳን ሲያጠቃ የሲያድ ባሬ መንግሥት ሐርጌሳን በአውሮፕላንና በመድፍ ደበደበ። የሬዲዮ ሐርጌሳ ሠራተኞችና የሙዚቃ ወዳጆች ሊመጣ ያለውን አውቀው ክሮቹን በየቦታው በተኑ፤ ከፊሉ ቦምብ እንዳያገኘው መሬት ተቆፍሮ ተቀበረ፣ ከፊሉ ወደ ጅቡቲና ወደ ኢትዮጵያ ወጣ። ሕዝቡም በዚያው መንገድ ወጣ። ከጅጅጋ በስተምሥራቅ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለችው ሐርቲሼክ የስደተኛ ጣቢያ ሆነች፤ በአንድ ወቅት ከ250,000 በላይ ሰው ይዛ ከዓለም ትልቁ ጣቢያ ተብላ ነበር። የተዘጋችው በ2004 ነው። ቀብሪበያህ፣ አዋሬ፣ ዳሮርና ደርወናጂም የየራሳቸውን አስተናግደዋል።

ስለ ጣቢያዎቹ ሲጻፍ ውሃውና ስንዴው ይቆጠራል፤ ተገቢ ነው። ሐርጌሳ ስትፈርስ ግን የከተማዋ አብዛኛው አድማጭ፣ ገልባጩም ዑድ ተጫዋቹም ገጣሚውም፣ ባንድ ጊዜ ወደ ጅጅጋ ዙሪያ መዛወሩ አይነሳም። ሐርቲሼክ ኋላ የታወቀ የኮንትሮባንድ ገበያ ወጣባት፤ ቴፑና ባዶው ካሴት በበርበራ ወደብና በድንበር ከተማዋ በውጫሌ በኩል እየገባ ታይዋን እስከሚባለው የድሬዳዋ ገበያ ይደርስ ነበር። ዘመዱ ለንደን ወይም ቶሮንቶ የሄደበት ሰውም ደብዳቤ የሚልከው በካሴት ሆነ። ሶማሊኛ በላቲን ፊደል መጻፍ የጀመረው በ1972 ነው፤ ያውም ማዶ፣ ሶማሊያ ውስጥ። በዚህ በኩል ያለች እናት ጽሑፉን ባታነብም ድምፁን ትሰማለች፤ ሰላምታውና የገንዘቡ ጉዳይ አልቆ ክር ከተረፈ ዘፈን ይሞላበታል።

እ.ኤ.አ. በ2017 ኦስቲናቶ ሪከርድስ የተባለ የኒው ዮርክ አሳታሚ ከእነዚህ ክሮች 15 ዘፈን መርጦ «ስዊት አዝ ብሮክን ዴትስ» የሚል አልበም አወጣ፤ ለግራሚም በታሪካዊ አልበም ዘርፍ ታጨ። ምንጩ በዋናነት በጃማ ሙሴ ጃማ የሚመራው የሬድ ሲ ፋውንዴሽን የሐርጌሳ የባህል ማዕከል ክምችት ነው፤ ከ10,000 በላይ ካሴቶችና ክሮች እየተሰበሰቡ ወደ ዲጂታል የሚለወጡበት። ሥራው የሚያስመሰግን ነው። የአልበሙ ንዑስ ርዕስ ግን «የጠፉ ክሮች» ይላል፤ ይህን አልቀበልም። ማን ጋ ጠፉ? የማጎልን ካሴት ውጫሌ ላይ ተውሶ ያልመለሰ ሰው እኮ የት እንዳለ ያውቃል። እንዲያውም ክሩን ያተረፈው የተቆለፈ መጋዘን አልነበረም። መጋዘኑ ሐርጌሳ ውስጥ ሲደበደብ ቅጂው ሐርቲሼክ፣ ድሬዳዋና ጅቡቲ ነበር፤ አንድ ሰው ለአንድ ወዳጁ «ይህን ስማ» ብሎ ስለሰጠው ብቻ።

አሁን ዘፈን የሚሄደው በቴሌግራምና በቲክቶክ ነው። በመካከል ሚሞሪ ካርድ ይዞ ሄዶ ዘፈን ማስጫን ነበረ፤ እሱም አለፈ። ሚሞሪው በደቂቃ ውስጥ ሦስት መቶ ዘፈን ሲሞላ ያቺ በስድስት ደቂቃ ትርፍ ክር ላይ የምትገባው የገልባጩ ምርጫ ቀረች፤ ሦስት መቶ ዘፈን የሰጠ ሰው ምንም አልመከረም።

ቤቱ አልጋ ሥር የካሴት ካርቶን ያለው የጅጅጋ ወይም የአውበሬ ሰው ካለ ግን ከመጣሉ በፊት ጥቂት ነገር ያድርግ። ለዓመታት ያልተጫወተ ካሴት ቴፕ ውስጥ ወዲያው አይገባም፤ ክሩ ተጣብቆ ከሆነ ይበጠሳል። መጀመሪያ በእስክሪብቶ ቀስ ብሎ እስከ ዳር ማጠንጠንና መመለስ ነው። ጆሮዋ ካልተሰበረች አሁኑኑ ትሰበር። ወረቀቱ ላይ የዘፋኙ ስም ብቻ ካለ ገጣሚው፣ ዜማ ደራሲውና ካሴቱ የተቀዳበት ቤት ይጨመርበት፤ ዝርዝሩን የሚያውቁት አብዛኞቹ አሁን አዛውንቶች ናቸውና መጠየቁ ከቅጂው ይቅደም። ሐርጌሳ ያለው ማዕከል ከግለሰቦች ተቀብሎ ይገለብጣል፤ ከውጫሌ እዚያ ለመድረስ ደግሞ ግማሽ ቀን አይፈጅም።